ባንታየሁ ዓሣ የሚበላበት ቀን

የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ የስምጥ ሸለቆውን አፋፍ ይዞ ቁልቁል መታጠፍ ሲጀምር ባንታየሁ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰውዬ! ሐይቁ ጥሎህ አይሄድም» አለችው ባለቤቱ ፋንቱ የኮቱን ጫፍ ጎትታ። ከናይሮቢው ሳውዝ ሲ ሰፈር ጀምሮ እየዘመሩና እየተቀላለዱ የመጡት የሰበካው ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ባንታየሁ ግን አልተቀመጠም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያያል። ከታች፣ ከግራሩ ማዶ፣ ውኃው እንደ ብር ሳሕን ተዘርግቶ ያበራል።

ለመደሰት ምክንያት ነበረው። ኢምባካሲ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን የአበባ ካርቶን እያሸገ ነው ልጆቹን ያሳደገው። በየካርቶኑ ጎን «ናይቫሻ» የሚል ጽሑፍ አለ። አበባው ከዚያ መጥቶ በእጁ አልፎ ወደ አውሮፓ ይበራል፤ ናይቫሻን ግን በካርቶን ላይ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም ተቀምጦ ያስተማረው የለም፤ ከካርቶን፣ ሰው አንብቦ ከጣለው ጋዜጣና ከማታቱ ረዳቶች አፍ ለቃቅሞ ነው የያዘው። ዛሬ ደግሞ ያ ስም ሐይቅ ሆኖ ከፊቱ ተዘርግቷል፤ እሱም ወደዚያ የሚወርደው የፊልም ተዋናይ ሆኖ ነው። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይል ነበር ከንፈሩ ብቻውን።

ፊልሙ የተወለደው ከራሱ አፍ ነው። ባንታየሁ ያደገው ጣና ዳር ነው። አባቱ ስምዖን ስማቸውም ሥራቸውም የሐዋርያው ነበር፤ ችኩልነታቸውም ጭምር። የመንደሩ ሰው በጋራ የሚጥለው አንድ ትልቅ መረብ ነበር፤ ስምዖንና ጎረቤታቸው «የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ አይ እኔ ነኝ» ሲባባሉ ቆይተው በመጨረሻ መረቡን ለሁለት ቆረጡት። በግማሹ መረብ ደግሞ አንዳቸውም የረባ ዓሣ አልያዙም። ተኳርፈው ከረሙ። ከዚያ በአንድ ሠርግ ላይ የዓሣ እሾህ የስምዖን ጉሮሮ ውስጥ ተሰነቀረ። ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ ዳሱን ዘለው ጀርባቸውን በጡጫ የደቁት ያው ጎረቤታቸው ነበሩ። እሾሁ ወጣ። ስምዖን ትንፋሻቸው መለስ እንዳለ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «መረቡን አምጡት፣ አብረን እንጠግነው!» የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ባንታየሁ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲያወራ ናፍቆት ሰማችው። ናፍቆት ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ፊልም መሥራት የተማረች የሰበካው ልጅ ናት። ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ «ጋሼ፣ ይኼንን ፊልም ላድርገው?» አለችው። የምትቀልድ መስሎት «አድርጊው» አላት። ወር ሳይሞላ ጽፋ መጣች። አባቱንም እሱ ራሱ እንዲጫወት ጠየቀችው። ያን ዕለት ባንታየሁ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። የአባቱ ፎቶግራፍ የለውም። ስምዖን ከሞቱ በኋላ መልካቸውን ያየበት ነገር የለም፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ባርኔጣቸውን አዘንብለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሊያያቸው ነው።

ችግሩ ባንታየሁን ትወና አልሆንልህ አለው። ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር አንድ ደግ ቤተሰብ ግቢውን ለቆላቸው የጎጆውን ትዕይንት ሲቀርጹ እንደ እንጨት ድርቅ ብሎ፣ ንግግሩን ሁሉ መልእክት እንደሚያነብ ዲያቆን አነበነበው። «ጋሼ፣ ሪላክስ!» ትለዋለች ናፍቆት፤ ሪላክስ በተባለ ቁጥር ይብሱኑ ይገተራል። በተለይ ዓሣው የሚያንቀው ቦታ አልወጣ አለው። በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሞ ሳል ከመለማመዱ የተነሣ ጎረቤቶች ዝንጅብል ይዘው ጠየቁት። ናፍቆትም በመጨረሻ አንድ ዘዴ አመጣች፤ «እውነተኛ ዓሣ ይበላ፣ አፉ ሲሞላ ራሱ ይመጣለታል» አለች። ፊልሙ የሚያልቀው በዚያች አንዲት ትዕይንት ነው፤ ዛሬ ናይቫሻ ዳር የምትቀረጸውም እሷ ናት።

ማታቱው ዳርቻው ላይ ቆመ። ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ለፊልሙ ጀልባውን ያከራየው ዓሣ አጥማጅ ኦቲየኖ እየሮጠ መጥቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ጨበጠ። ከኋላው በትልቅ መጥበሻ ዓሣ ይንጨረጨራል፤ ሽታው አየሩን ሞልቶታል።

ባንታየሁ ሽታውን ሳበው። ፈገግ አለ። እንደገና ሳበው። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ፋንቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ፋንቱ አየችው። መጥበሻውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በስመ አብ! ሑዳዴ!»

ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር የፊልሙ ሠርግ እድምተኛ ሆነው የመጡት ሁሉ ባሉበት ቀሩ። ቀረጻው ከፋሲካ በኋላ ነበር የታሰበው። ኋላ ግን ዝናቡ ሳይከብድ፣ በኢድ በዓል ሁሉም ከሥራ ነፃ በሆነበት ቀን ይሁን ብላ ናፍቆት በስልክ ቡድናቸው ላይ ስትጽፍ፣ ሁሉም ደስ ብሎት የእልልታና የምስጋና ምልክት ላከ። በየቤቱ ሽሮና ምስር እየበላ «እሺ፣ እንመጣለን» ያለው ሰው ሁሉ፣ ዓሣ ሊበላ እንደሚሄድ አንድም አላሰበውም።

ናፍቆት ካሜራዋን ትታ መጣች። «ምንድነው? ለምን ቆማችሁ?»

«ልጄ፣ ጾም ነው» አለ ባንታየሁ።

«እንዴ፣ ዓሣ እኮ ነው! ማሚ በጾም ዓሣ ትበላለች!»

«እናትሽ በገና ጾም በልታ ይሆናል» አለች ፋንቱ። «በሑዳዴ ስትበላ ካየሻት ግን፣ አደራሽን፣ ለአባ እንዳትነግሪ።»

ሳቅ ሆነ፤ ናፍቆት ግን አልሳቀችም። «ጋይስ፣ ጀልባውን የማገኘው ዛሬ ብቻ ነው። ነገ ኦቲየኖ ሥራው ላይ ነው፤ እናንተም ሥራ ትገባላችሁ። ከዚያ ዝናብ ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ውኃው ይሞላና ይኼ ዳርቻ አይኖርም። ትዕይንቷ ከሌለች ፊልም የለም!» የባንታየሁን እጅጌ ያዘች። «አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ጋሼ። ጎርሰህ ትተፋዋለህ። ፕሊዝ።»

ሚልኬሳ ያን ጊዜ ነው ሰውን ገፋ ገፋ አድርጎ የመጣው። ሚልኬሳ የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ የባንታየሁ የሳውዝ ሲ ጎረቤት፣ በፊልሙም ባላጋራው ጎረቤት ነው። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እኔ ጴንጤ ነኝ!» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ሑዳዴ አይመለከተኝም። እንቀያየር፤ እኔ ልብላ፣ እኔ ልታነቅ፤ ባንቴ ደግሞ ይደብድበኝ። በእውነቱም በፊልሙም ሊመታኝ ሲመኝ ነው የኖረው።» አንድ ዓሣ ከመጥበሻው አንሥቶ እየነፋ ገመጠው። «ጌታ ይባረክ! ይኼማ ሁለት ጊዜ መታነቅ የሚገባው ዓሣ ነው።»

ናፍቆት ሚልኬሳን አየች። ከዚያ ባንታየሁን አየች። ሚልኬሳ ትወና ይችላል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። «ጋሼ» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ላቪንግተን የቀረጽነው ትንሽ ነው፤ እሱን መድገም ይቻላል። አንተው ወስን።»

ባንታየሁ ወደ ውኃው ወረደ። ማዕበሉ ጫማውን ነካው። ማዶ ጉማሬ አኮረፈ፤ ልክ ጣና ዳር በልጅነቱ እንደሚሰማው። አባቱ በሑዳዴ ሰው ያዘዛቸውን ዓሣ አጥምደው ይሰጣሉ እንጂ እጃቸውን ታጥበው ነበር ወደ ቤት የሚገቡት። ዓሣ በልቶ አባቱን መምሰል እንዴት ይሆናል? ሳይበላስ፣ አባቱን አንድ ቀን እንኳ ያላያቸው ሚልኬሳ ባርኔጣውን አዘንብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲንጎራደድ ቆሞ ማየት ነው። «አምላኬ፣ ሁለቱንም አትንሣኝ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ከነሣኸኝም ጾሙን አትንሣኝ» አለ። ባርኔጣውን አውልቆ አቧራውን አራገፈና ለሚልኬሳ ሊሰጥ ተመለሰ።

ፋንቱ ግን ከነበረችበት የለችም። ከዳርቻው ጥግ ባጂያ የምትጠብስ ሴት አለች፤ ድንች ቆራርጣ ዱቄት ለውሳ የምትጠብሰው። ፋንቱ እዚያ ቆማ በጣቶቿ ዱቄቱን አሽታ፣ አሽትታ፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አገልድማ ጮኸች፤

«የሽምብራ ዱቄት! እናንተ ሰዎች፣ የሽምብራ ዱቄት ነው!»

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ የሁሉም ፊት በአንድ ጊዜ በራ። «የሽምብራ ዓሣ!» አለ አንዱ። «በእመቤታችን! የሽምብራ ዓሣ!» አለ ሌላው። ናፍቆት ብቻ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች «ምንድነው? ምንድነው ንገሩኝ!» ትላለች።

«ዓሣ የማትሆን ዓሣ» አላት ባንታየሁ፤ ባርኔጣውን መልሶ ጭንቅላቱ ላይ እየደፋ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። «የሽምብራ ዱቄት ይለወሳል፣ በዓሣ መልክ ይሠራል፣ ይጠበሳል። እናቶቻችን በሑዳዴ እየሠሩ ልጅ ያታልሉበታል። ካሜራሽ ደግሞ ከልጅ አይበልጥም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ሠርጉ የእውነት መሰለው። ፋንቱ አዛዥ ሆነች። ኦቲየኖ ዱቄቱን ሁሉ ከባጂያዋ ሴት ገዝቶ አመጣ። መጥበሻው በአሸዋ ተፈግፍጎ ታጠበ፤ «በዓሣ ዘይት የተጠበሰ የጾም ዓሣ አላበላም!» ብላ ፋንቱ ሁለተኛ አስፈገፈገችው። ሽንኩርት ተከተፈ፣ ሊጡ ተለወሰ፣ ሁሉም አሸዋው ላይ በተዘረጋ ሸራ ዙሪያ ተቀምጦ ዓሣ መሥራት ጀመረ። የአንዱ ዓሣ ጫማ መሰለ። የአንዷ ክንፍ አወጣ። የባንታየሁ ጣቶች የጣናውን ዓሣ፣ ቆረሶን፣ አልረሱም ነበር፤ ጭራውን ቀጥ፣ ሆዱን ሞላ አድርጎ፣ በማንኪያ ጫፍ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ነቀሰው። ኦቲየኖ ከኋላው ጎንበስ ብሎ አይቶ በስዋሂሊ «ይኼን ውኃ ውስጥ ብትለቀው ይዋኛል» አለው።

እውነተኛው ዓሣ ግን አልባከነም፤ ሚልኬሳና ዓሣ አጥማጆቹ አጠገባቸው ተቀምጠው እየላሱ በሉት። «ይኼ አጥንት እንኳ ይጣፍጣል፣ ባንቴ፤ ላሳይህ?» ይላል ሚልኬሳ። «ብላ፣ ብላ፤ ፋሲካ ሲመጣ በግ ፊትህ አርደን አንጠራህም» ትመልስለታለች ፋንቱ።

ዓሦቹ ተጠብሰው ወርቅ መስለው ሲወጡ ናፍቆት ዘለለች። «ፐርፌክት! በሉ ቦታ ያዙ፣ እንቅረጽ!»

ማንም አልተነሣም።

«አሁን ደግሞ ምን ሆናችሁ?»

«ሰዓት አልደረሰም፣ ልጄ» አለ ባንታየሁ በፍርሃት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም።»

ናፍቆት ስልኳን አየች፣ ሰማዩን አየች። ከማዶ ካለው ተራራ ጀርባ ጥቁር ደመና እየተነሣ ነው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኦቲየኖ ምን እንደተባለ ጠይቆ ሲነግሩት ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሳ ቲሳ!» አለ፤ በእሱም ቋንቋ ሰዓቱ ያው ዘጠኝ ነው። «እናቴም ስትጾም እስከ ሳ ቲሳ ነው። ጀልባውን አልወስድባችሁም። ደመናውን ለኔ ተዉት፣ አውቀዋለሁ፤ እስከ ማታ አይወርድም።»

ጠበቁ። ፀሐዩ እንደ እሳት ነበር። ባንታየሁ ንግግሩን በልቡ እየደጋገመ ተንጎራደደ፤ ምራቁ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ቆመው ጸለዩ፤ «አባታችን ሆይ» ሲሉ ናፍቆትም ከካሜራዋ ጀርባ ሆና አብራ አለች። ከዚያ ሁሉም በየቦታው ሮጠ። ውኃ ልጠጣ ያለ ጊዜ አልነበረም፤ ብርሃኑ እየሸሸ ነው።

«ካሜራ! ጋሼ፣ ጀምር!»

ባንታየሁ ወገቡን ይዞ ወደ ማዕዱ ተንጎራደደ። ያችን ራሱ የነቀሳትን ዓሣ አነሣ። ከፊት ለፊቱ የተኮራረፈው ጎረቤት ሚልኬሳ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ባንታየሁ አፉን ከፍቶ ገመጠ፤ በፍርሃትና በደስታ ብዛት ግማሹን ዓሣ ገመጠ። ያለ ወጥ የተጠበሰ ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውኃ ባላየ ጉሮሮ ውስጥ ገባና እዚያው ቆመ።

ሊስል ፈለገ። መስታወት ፊት የተለማመዳት ሳል የለችም። ድምፅ የለም። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁ አየሩን ጨብጦ የሚልኬሳን ጋቢ ያዘ።

ሚልኬሳ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ «ጎበዝ! ዛሬ ገና ወጣልህ!» አለውና እንደተባለው ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው። እድምተኛው በአድናቆት አጉረመረመ። ፋንቱ ግን የባሏን ጆሮ ታውቃለች፤ ጆሮው ቀልቶ ሲጠቁር አየች።

«ምታው ሚልኬሳ! በደንብ ምታው! የምሩን ነው!»

ሚልኬሳ ያን ጊዜ ደነገጠ። ዘለለና እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ በሙሉ መዳፉ አወረደው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው የሽምብራው ጉራጅ ከባንታየሁ አፍ ተስፈንጥሮ አሸዋው ላይ አረፈ፤ አንድ አባ ኮዳ ደግሞ ጾምም ፊልምም ሳይለይ ለቀም አድርጎት ሄደ።

ባንታየሁ በጉልበቱ ወደቀ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ። ካሜራውን ረሳ፣ ናፍቆትን ረሳ። ቀና ሲል ያየው የሚልኬሳን ፊት ብቻ ነው፤ ያ ቀልደኛ ሰው ከንፈሩ ነጥቶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ባንቴ? ባንቴ?» ይለዋል። የባንታየሁ እጅ የሚልኬሳን ትከሻ ፈልጎ ያዘ። ከተቧጨረ ጉሮሮው፣ ለራሱም እንግዳ በሆነ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ፣

«መረቡን አምጡት» አለ። ተነፈሰ። «አብረን እንጠግነው።»

ናፍቆት «ቁረጡ!» ማለት ረሳች። ከዚያ ፋንቱ የውኃ ጠርሙስ ይዛ እያለቀሰችም እየሳቀችም ሮጠች፤ እልልታው ከኋላዋ ተነሣ፤ ዓሣ አጥማጆቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ጀልባዎቹን እየደበደቡ ጮኹ።

ባንታየሁ ውኃውን ጠጥቶ ሲያበቃ ናፍቆትን ጠራት። ሊደብቃት አልወደደም። «ልጄ፣ እኔ እኮ አልተወንኩም። የምሬን ነው የታነቅኩት። ፋንቱም ጮኸችብሽ፣ ተበላሸ። እንደገና ልብላ?»

«እንደገና?!» አለች ናፍቆት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ። «ጋሼ፣ አንዲት ጉርሻ እንዳትበላ! ምንም አልተበላሸም። እትዬ ፋንቱ በፊልሙም ሚስትህ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ። ባሏ ሲታነቅ ያልጮኸች ሚስት የት አለች?»

«በነፃ?» አለች ፋንቱ።

«በሽምብራ ዓሣ!»

ማዕዱ ቀረበ። የቀረውን ዓሣ፣ ጫማውንም ባለ ክንፉንም፣ ፋንቱ ከቦርሳዋ ባወጣችው ሚጥሚጣ እየነከሩ፣ በውኃ እያወራረዱ በሉት። ናፍቆት ካሜራዋን ይዛ ባንታየሁ አጠገብ ተቀመጠችና ትንሿን መስኮት አዞረችለት።

በመስኮቷ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አዘንብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ማዕዱ ይንጎራደዳል። ባንታየሁ ወደ መስኮቷ ተጠጋ። የአባቱ አረማመድ ነው። አበላላቸው፣ ያ ችኩል አገማመጣቸው ነው። ከዚያ የሽማግሌው ዓይን ሲፈጥ፣ ጉንጩ ሲነፋ፣ እጁ አየር ሲጨብጥ አየ፤ አባ ኮዳውም ሮጦ ሲለቅም። ባንታየሁ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ ሳቀ፤ እንባው እየወረደ «አባዬ! አባዬ! እንዲህ ነበር ያሉት!» እያለ ሳቀ። «ድገሚልኝ! ናፍቆት፣ እንደገና አሳይኝ!»

ደገመችለት። ሁሉም ከኋላው ተደራርቦ እያየ አብሮ ሳቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታሳየው ባንታየሁ ከሳቁ ብዛት ትንታ ያዘውና መሳል ጀመረ፤ ሚልኬሳም የዓሣ ቅባት ያለበትን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከጀርባው ቆመ።